ሣሩን የተሻገረው

ኦይታ ካሱ ተቀበረ እንጂ አልተለቀሰለትም። ድንኳን አልተተከለም፤ ደረቱን የደቃ፣ ስሙን የጠራ አልነበረም። አባቱ አቶ ካሱ እንኳ አፈሩ ሲመለስ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ተራራው እያዩ ነበር የቆሙት። ሰው የመጣው ሬሳ ሜዳ ላይ ስለማይጣል ብቻ ነው። አካፋውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ ወደየቤቱ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገረሴ ከተማ በላይ ባለው በዚያ መንደር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ይቆማል። ሣሩ መንገድ ላይ ከተዘረጋ ደግሞ «በዚህ አትለፉ» ማለት ነውና የሚሻገረው የለም። የተሻገረ ሰው ጎሜ የሚሉት እርግማን ይይዘዋል፤ ነውሩም ከእሱ አልፎ ለሚስቱና ለልጁ ይተርፋል። ኦይታ በተራራው ሩጫ ቀን እንዲህ ያለ ሣር ተሻግሮ ገደል ገባ ተባለ። በጎሜ ለሞተ ሰው በዚያ መንደር አይለቀስም፤ ሚስቱም በቤቱ አትቀመጥም።

ሚስቱ ልክነሽ ግን ዕቃዋን አልጠቀለለችም። ልጇን ሚስጥርን አዝላ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች፤ ሴቻ ሰፈር ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ኢንስፔክተር አገርነሽ ቢሮ ገባች። አገርነሽ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። በዚህም ምክንያት ብዙ ወዳጅ የላትም።

«ባሌ ሣር አይሻገርም» አለች ልክነሽ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል።

«አደጋ ነው ተብሎ ተዘግቷል። ጭጋግ ነበር፤ ገደል ነበር።»

«አደጋ ቢሉት ኖሮ አልመጣም ነበር። የሚሉት ሣር ተሻገረ ነው። አማቼ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ልቀቂ ብለውኛል። እሱ ሳይለቀስለት፣ እኔ ወጥቼ፣ ይቺ ልጅ የማን ልጅ ተብላ ታድጋለች?»

አገርነሽ የሴትዮዋን እጅ አየች። የልጅቷን እግር አጥብቆ ጨብጧል።

«ስሚኝ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ በቃ ተይው ብትይኝም አልተውም። የሚወጣው ነገር አንቺ የምትፈልጊው ላይሆን ይችላል።»

«ይለቀስለት እንጂ የፈለገው ይውጣ» አለች ልክነሽ።

ሩጫው ማጣሪያ ነበር። ውጭ አገር ወደሚደረግ የተራራ ሩጫ ከዞኑ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሰልጣኝ ወልደ ሚካኤል ለዚያ አንድ ቦታ አራት ሯጮች መርጦ ከገረሴ በላይ ያለውን ደን ዙሪያውን አስሮጣቸው። ዙሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነስቶ በጽድ ዛፉ ደን ውስጥ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን ሲሻገሩ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ አዲሱ መንገድ ነው፤ በቀርከሃው መሃል ሽቅብ ወጥቶ ቤቲ የምትባል ወጣት ለሯጮቹ ውሃ ስታድል ወደነበረችበት ሜዳ ያደርሳል። የግራው የድሮው መንገድ ነው፤ ገደሉን በቀርከሃ ድልድይ ተሻግሮ ከሜዳው በላይ ተመልሶ ከዙሩ ጋር ይገጥማል። አዲሱ ከተከፈተ ወዲህ በድሮው የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል።

ሣሩ የተዘረጋው በአዲሱ መንገድ መግቢያ ላይ ነበር። ኦይታ የተገኘው ደግሞ በድሮው መንገድ፣ ከድልድዩ ስር፣ ከተሰበረው ቀርከሃ ጋር ነው። ታዲያ ሣሩን ተሻግሮ በአዲሱ ከሄደ በድሮው ምን አደረሰው? መንደሩ ለዚህም መልስ አላጣም። ጎሜው መልሶ ወደ ገደሉ ነዳው ተባለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ አለቀ።

አገርነሽ በማግስቱ ወጣች። አቶ ካሱ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዋን ተቀበሏት፤ ግቢ ግን አላሏትም።

«ሣሩን ማን ዘረጋው አባቴ?»

«ሽማግሌ ነዋ።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«የታችኛው መንደር ይሆናል። ሩጫው በተከበረው ደን እንዳያልፍ መጀመሪያ ተቃውመው ነበር።»

«ጠይቀዋቸዋል?»

አቶ ካሱ ባለማወቋ አዘኑላት። «ሣር የዘረጋን ሰው ለምን ዘረጋህ አይሉትም። ያከብሩታል እንጂ።»

«ልጅዎ መሻገሩንስ ማን ነገረዎት?»

«አጵሎስ ነው። እያለቀሰ ነገረኝ።»

አጵሎስ የልክነሽ ታላቅ ወንድም ነው። ኦይታን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሩጫ ያስጀመረው እሱ ነው፣ እህቱንም የዳረለት እሱ ነው። በማጣሪያውም አብሮ ሮጦ ነበር፤ ኦይታ ሲጠፋ እሱ አንደኛ ወጣ። መንደሩ ሁሉ ልክነሽን ሲሸሻት ደጇን የረገጠው እሱ ብቻ ነበር፤ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ልጅቷን ያቅፍላታል። አገርነሽ ዙሩን በእግሬ ማየት እፈልጋለሁ ስትልም እኔ አሳይዎታለሁ ብሎ ተነሳ።

በጽዱ ደን ወረዱ። መንገዱ ሥርና ድንጋይ ነው፤ አጵሎስ እያወራ ይወርደዋል፣ አገርነሽ ቅርንጫፍ እየያዘች ትከተለዋለች። ወንዙን ተሻግረው መንታው ላይ ሲደርሱ ቆመ። ሣሩ ደርቆ አሁንም እዚያው ነበር፤ የሚያነሳው ሰው አልተገኘም።

«ኦይታ ሲሻገር ከየት ሆነህ ነው ያየኸው?»

«ከወንዙ ማዶ። ጮህኩ፤ አልሰማኝም።»

«አንተስ እዚህ ስትደርስ ምን አደረግህ?»

አጵሎስ ቅር ያለው መሰለ። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። አልተሻገርኩም። በላይ በኩል ቀርከሃው ውስጥ ገብቼ ዞሬ ወጣሁ።»

«በድሮው መንገድ ለምን አልሄድክም?»

«ድልድዩን አላመንኩትማ። አርጅቷል።»

አገርነሽ ዞርኩበት ወዳለው ጥሻ ገባች። ብዙ ሳትራመድ ተመለሰች፤ ከቀርከሃው ስር ያለው ሁሉ ሳማ ነው፣ ቁመቱ እስከ ጭን ይደርሳል። ሱሪዋን አልፎ ለበለባት። እግሯን እያከከች ወደ ድልድዩ ምራኝ አለችው።

ከድልድዩ የቀረው በሁለቱም ወገን ጉቶው ላይ የታሰረው ገመድ ብቻ ነበር፤ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ወፍራም ገመድ። አገርነሽ ገደሉ አፍ ላይ በሆዷ ተኛችና ገመዱን ወደ ላይ ሳበችው። የላዩ ቃጫ ተበጥሶ እንደ ፂም ተበታትኗል። የስሩ ግን አልተበታተነም፤ በቢላ እንደተቆረጠ ሥጋ እኩል ነው። ከስር የቆረጠው ሰው ላዩን ትንሽ አስቀርቶለታል፤ ለዓይን ደህና ድልድይ እንዲመስል፣ ሰው ሲረግጠው ደግሞ እንዲበጠስ። ኦይታ ቁልቁል እየሮጠ ነው የረገጠው።

አጵሎስ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እጁን ማየት ስላልቻለች እግሩን አየች። አንድ እርምጃ ቀረበ፣ ከዚያ ቆመ።

«እዚህ መምጣትዎን ለቢሮ ነግረዋል?» አላት።

«ነግሬያለሁ። አንተ እንደምትመራኝም ነግሬያለሁ» አለች አገርነሽ። አልነገረችም ነበር። ቀስ ብላ ተነሳችና አፈሩን አራገፈች።

ከዚያ ወደ ታችኛው መንደር ወረደች። ሽማግሌዎቹ ለሩጫው አንዴ እሺ ካልን በኋላ ሣር አልዘረጋንም፣ የላይኛው መንደር ዘርግቶ ይሆናል ብለን ዝም አልን አሏት። ቤቲን ገረሴ ገበያ ላይ አገኘቻት፤ ውሃ የሰጠችው ለሦስት ሯጮች ብቻ ነው፣ ኦይታ ሜዳው ላይ ጭራሽ አልደረሰም። ይህን እስካሁን ለምን አልተናገርሽም ስትላት የጠየቀኝ የለም አለች። እውነቷን ነበር።

የቀሩትን ያገኘቻቸው አርባ ምንጭ ተመልሳ ነው። ሰይፈሥላሴ ከአዲስ አበባ የመጣ ሯጭ ነው፤ ሴቻ ሆቴል ውስጥ ሻንጣውን አዘጋጅቶ የመሄጃ ፈቃድ ይጠብቃል። ሁለተኛ ሆኖ ይሮጥ ነበር።

«ኦይታን ያጣሁት ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ ነው» አላት። «መንታው ላይ ስደርስ ከፊቴ ማንም አልነበረም።»

«ሣሩንስ አይተሃል?»

«አዎ። እንደ በዓል ቄጠማ የጎዘጎዙልን መስሎኝ ደስ አለኝ። ረግጬው አለፍኩ።»

እንድሪያስ የሴቻ ልጅ ነው፤ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ደጋ የሚወጣው ለሩጫ ብቻ ነው። ከአጵሎስ ኋላ አራተኛ ነበር። ሣሩን ያየሁት ከረገጥኩት በኋላ ነው አለ።

«ዓይኔ የአጵሎስ ተረከዝ ላይ ነበር። ከወንዙ እስከ ውሃው አልተለየሁትም። ቤቲ አንድ ላይ ነው ያጠጣችን።»

አሰልጣኙን በመጨረሻ አገኘችው። አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያሳየው ሰገነት ላይ ተቀምጦ የአጵሎስን የጉዞ ነገር በስልክ ይጨርስ ነበር። ኦይታ ከእሱ ተለይቶ ወደ ሌላ አሰልጣኝ ሊሄድ አስቦ እንደነበር፣ በዚህም ተጣልተው እንደነበር ሰምታለች፤ አልካደም።

«እውነት ነው ተጣልተናል» አላት። «ሞተ። ምን ላድርግ? የቀረኝን እልካለሁ።»

«በሩጫው ቀን ማለዳ ዙሩን ያየው ማን ነው?»

«አጵሎስን ላክሁት፤ መንገዱን የሚያመለክቱት ሪባኖች እንዳሉ እንዲያይ። አገሩ ነው፣ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ከሩጫ በኋላ እግራቸውን የሚያሸው ማነው?»

«ራሴ ነኝ። ለማንም አልሰጥም።»

«የአጵሎስ እግር እንዴት ነበር?»

ወልደ ሚካኤል ሥራው ሲነሳ ፊቱ ፈካ። «እንደ ሙሽራ እግር ነው እንጂ! ጭረት የለው፣ ሽፍታ የለው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በአቶ ካሱ ግቢ ተሰበሰቡ። የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች በአጥሩ ጥግ፣ አሰልጣኙና ሁለቱ ሯጮች በአግዳሚው ላይ፣ ቤቲ በሩ አጠገብ፤ አጵሎስ ሚስጥርን ታቅፎ ከእህቱ ጎን። ሁለት ፖሊሶች ውጭ ቆመዋል። አገርነሽ ከመጀመሯ በፊት ልክነሽን ወደ ጓሮ ጠርታ አሁንም ልቅሶውን ትፈልጊያለሽ ወይ አለቻት። እፈልጋለሁ አለች። አገርነሽ የምታውቀውን ቀድማ ልትነግራት ትችል ነበር፤ አልነገረቻትም። ጭካኔ ነው። ይሁን እንጂ ቢነገራትም መልሷ አይለወጥም ነበር።

«ኦይታ ሣሩን አልተሻገረም» ብላ ጀመረች አገርነሽ። «በአዲሱ መንገድ ሄዶ ቢሆን ቤቲ ጋ ይደርስ ነበር፤ አልደረሰም። ድልድዩ ስር የተገኘው በድልድዩ ስለሄደ ነው። እየመራ ነበር። ሣሩን ሲያይ የቀደመበትን ሁሉ ትቶ፣ በሚረዝመው መንገድ ወደ ግራ ዞረ። የገደለው ሣሩን ማክበሩ ነው።»

አቶ ካሱ ከርጩማቸው ቀና አሉ።

«ድልድዩስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ገመዱ ከስር ተቆርጧል፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሣሩንም ከእናንተ ማንም አልዘረጋውም። የላይኛው መንደር ታችኛው ነው አለ፤ የታችኛው ላይኛው ነው አለ፤ ሣር የዘረጋን ሰው መጠየቅ ነውር ስለሆነ ሁላችሁም ዝም አላችሁ። የዘረጋው ሰው ይህን ዝምታችሁን ያውቀዋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አገርነሽ ቀጠለች።

«አሁን ወጥመዱን እዩት። አራት ሯጮች ናቸው። ሰይፈሥላሴ ቄጠማ መስሎት ረገጠው፤ እንድሪያስ ሳያየው ረገጠው። የሣሩን ትርጉም የማያውቅ ሰው በሣር ሰው ሊያጠምድ አይችልም። አሰልጣኙ እዚህ አገር ብዙ ቆይቷል፣ ያውቅ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ማለዳም ሆነ ሩጫው ሲካሄድ ከመነሻው አለመለየቱን ያዩ ብዙ ናቸው። ከአራቱ ሣር ሲያዩ የሚዞሩት የደጋ ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ዞረና ሞተ። ሁለተኛው እዚህ አለ።»

«ነግሬዎታለሁ እኮ» አለ አጵሎስ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በላይ በኩል ዞርኩ።»

«እንድሪያስ ከወንዙ እስከ ውሃው ከተረከዝህ አልተለየም። በላይ በኩል ያለው ሳማ ነው፤ እኔ በሱሪ ገብቼ ሌሊቱን ሳክ አደርኩ። አንተ በቁምጣ ነበርክ፤ አሰልጣኙ ግን ያንኑ ቀን እግርህን ሲያሽ አንድ ሽፍታ አላገኘም። ሣሩን ተሻግረኸዋል አጵሎስ።»

አጵሎስ ልጅቷን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወራት።

«የደጋ ልጅ ሣር የሚሻገረው የሽማግሌ አለመሆኑን ሲያውቅ ነው። ያን ማለዳ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ራሱ የዘረጋው። ሪባን ለማየት ብለህ ማንም ሳይኖር ወጣህ፤ ገመዱን ቆረጥክ፣ ሣሩን ዘረጋህ፣ ወርደህ ከኦይታ ጎን ለሩጫ ቆምክ።»

ልክነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። ልጅቷ የሸሚዙን ቁልፍ እያሻሸች ነበር።

«ዝም ብትል አደጋ ሆኖ ይቀር ነበር» አለች አገርነሽ። «አንተ ግን ሲሻገር አየሁት አልክ። ቀድሞህ የነበረው ሰይፈሥላሴ ያላየውን አንተ ከወንዝ ማዶ አየህ! ጎሜ ነው ከተባለ የሚጠይቅ የለም ብለህ ነው። እህትህን ከቤቷ ያስወጣት ያ ቃል ነው፤ እሷ ደግሞ እኔን አመጣችኝ።»

አጵሎስ ልጅቷን እንደታቀፈ አወራ፤ የሚያወራው ለአቶ ካሱ ነበር።

«ሩጫ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አይቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ነው ያለው አሉን። ለሣር ሲል መቅደሙን እንደሚተው አውቅ ነበር። እኔ ብሆን አልተውም።»

ልክነሽ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ዘንድ እየመጣህ ታለቅስ የነበረውስ?»

«እሱም እውነት ነበር» አላት።

አቶ ካሱ ተነስተው ልጅቷን ከእቅፉ ወሰዷት። ፖሊሶቹ ገብተው አጵሎስን ሲያስሩት አላዩትም። ዓይናቸው ምራታቸው ላይ ነበር።

«ልክነሽ።»

«አቤት አባቴ።»

«ልጄን ንጹሕ አድርገሽ መለስሽልኝ። እኔ አባቱ ጀርባ ስሰጠው አንቺ አልሰጠሽውም። ይህን እስክሞት አልረሳውም።» ቀጥሎ ያለውን ለማውጣት ተቸገሩ። «ግን የአጵሎስ እህት ነሽ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው ነገሩ ያልገባው አልነበረም። ደም ባለበት ቤት የገዳይ ወገን አይቀመጥም፤ ከሟች ዘመድ ጋርም ሆኖ አያለቅስም። እርቅ እስኪወርድ ድረስ እንዲያ ነው፤ እርቁ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

«ሚስጥርስ?» አለች ልክነሽ።

«ሚስጥር የኦይታ ልጅ ናት» አሉ አቶ ካሱ። ልጅቷን ይበልጥ አጥብቀው ያዟት።

ልክነሽ ወደ አገርነሽ ተመለከተች። «እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች አገርነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እጅ ማየት አልፈለገችም፤ መሬት መሬት አየች።

ልክነሽ የልጇን ግንባር ሳመች። በጎሜ ውጪ ስትባል እምቢ ያለችው ሴት በደም ውጪ ስትባል አንድ ቃል አልመለሰችም፤ የባሏ ስም የጸዳበት እውነት የወንድሟም እውነት ነውና ግማሹን ወስዳ ግማሹን መተው አትችልም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ወጣች።

ወደ ገረሴ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሳለች ከኋላዋ የአቶ ካሱ ድምፅ ተሰማ። «ኦይታ! ልጄ ኦይታ!» አሉ፤ ግቢው ሁሉ ተቀበላቸው። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ደረታቸውን ደቁ፤ ከታችኛው መንደር ሳይቀር ሰው እየሮጠ ይወጣ ጀመር። የሚወጡት ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆማ አሳለፈቻቸው፤ ወዴት ትሄጃለሽ ያላት የለም። የገዳይ እህት ለሟች ስታለቅስ ከተሰማች ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወረደች።